ዶቶሬው የለካው ልብ

ሠርካዲስ በመይሙና ቀንታለች። ይህን ማድበስበስ አያስፈልግም፤ የልደታ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ እሷም ታውቀዋለች። ሰው በባል ይቀናል፣ በልጅ ይቀናል፣ በአዲስ ቀሚስ ይቀናል። ሠርካዲስ ግን የቀናችው በለቅሶ ነው። ወይ ጉድ!

ነገሩን ከሥሩ ለመናገር፣ ሠርካዲስ ሙሾ አውራጅ ናት። ከልደታ ማርያም አጥር አንስቶ እስከ ተክለ ሃይማኖት ድረስ ሰው ሲሞት መጀመሪያ ቄስ ይጠራል፣ ቀጥሎ እሷ ትጠራለች። ለቅሶ ቤት ስትደርስ ዝም ብላ አትጮህም። አስቀድማ ጓዳ ትገባና ትጠይቃለች። ሟቹ ምን ይወድ ነበር? ሲቆጣ ምን ይል ነበር? ሳይታረቀው የሞተ ሰው አለ ወይ? ይህን ይዛ ትወጣና አንድ ስንኝ ትጥላለች፤ ያን ጊዜ ጢሙ የሸበተ ወንድ ሳይቀር ፊቱን በጋቢው ይሸፍናል።

ሙያው የእናቷ ነበር። እናቷ ስታስተምራት፣ «አስለቃሽ አታለቅስም። አንቺ እንባ ከያዘሽ የሰውየውን ሐዘን ማን ያየዋል?» ትላት ነበር። ሠርካዲስም ይህን እንደ ዳዊት ደገመችው። ሰው ሁሉ ሲንሰቀሰቅ የእሷ ልብ ቀዝቀዝ፣ ዓይኗ ጥርት ይላል። የት ላይ እንደሚያም ታያለች፤ ቃሏንም እዚያው ላይ ታሳርፈዋለች። የገዛ ባሏ የሞተ ዕለት እንኳ ሙሾውን ያወረደችው ራሷ ናት፣ ዓይኗም እርጥብ አልነበረም። ያን ጊዜ ሰው «ጉድ ነው፣ ምን ዓይነት ጀግና ናት!» ብሎ አደነቃት።

መይሙና ደግሞ ከወሎ የመጣች፣ የልብስ ሰፊው የበከር ሚስት ናት። ሙሾ አትችልም፣ ደረት አትደቃም፣ ድምፅዋም ከጎኗ ካለው ሰው አያልፍም። ለቅሶ ቤት ትመጣና ከሐዘንተኛዋ አጠገብ ኩርምት ብላ እጇን ትይዛለች። በቃ፣ ሌላ ሙያ የላትም። ሐዘንተኛዋ ስትንቀጠቀጥ አብራ ትንቀጠቀጣለች፤ ሐዘንተኛዋ ውኃ አልጠጣም ስትል የእሷም ከንፈር ይደርቃል።

በሰላሙ ዘመን ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለችውን ሴት ማን ከቁም ነገር ይቆጥራት ነበር? ነገር ግን በየካቲት ጣሊያን ከተማውን በእሳትና በአካፋ ከፈጀ ወዲህ ሐዘን ያልገባበት ቤት አልነበረም፣ ጮክ ብሎ ማልቀስም ማስጠርጠር ጀመረ። «ማንን ነው የምታለቅሱት? የት ነው የሞተው? ከማን ጋር ሆኖ?» ይባላል። ስለዚህ ሰው ሐዘኑን ወደ ውስጥ ማልቀስ ለመደ፤ ወደ ውስጥ ለሚለቀስ ለቅሶ ደግሞ ከሠርካዲስ ይልቅ መይሙና ትስማማለች። «መይሙናን ጥሩልኝ» የሚል ሰው በዛ። አንድ ቀን ሠርካዲስ ስንት ሌሊት ያሰበችበትን ስንኝ በማውረድ ላይ ሳለች፣ ልጇ የሞተባት እናት ፊቷን አዙራ መይሙና ትከሻ ላይ ተደፋች። ስንኙ አየር ላይ ቀረ።

ሠርካዲስ ያን ዕለት ቤቷ ገብታ መቀነቷን ወለሉ ላይ ወረወረችው።

«የራሷን እኮ ነው የምታለቅሰው!» አለች፣ የሚሰማት ሰው ሳይኖር። «ወንድሟን በየካቲት ገደሉባት፤ በሰው ለቅሶ እየገባች እሱን ታለቅሳለች። ይሄ የሰው ሐዘን ማወቅ ነው? ይሄ ሌብነት ነው!»

እውነት ይሁን ሐሰት እንጃ፤ ይህን ካለች በኋላ ግን ቅናቱ አልቀለላትም። እንዲያውም ባሰባት።

ዶቶሬው የሚሉት የጣሊያን ሐኪም የመጣው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ጥድ ሥር ነጭ ድንኳን ተተከለ፣ ሰውም ለክትባት ተሰለፈ። ዶቶሬው ቀጭን፣ ፊቱ በፀሐይ የተላጠ፣ ክፉ የማይመስል ጣሊያን ነው። አስተርጓሚው ግን ፍሰሐ ነበር። ፍሰሐን የማያውቀው የለም፤ የሰፈሩ ልጅ ነው፣ የሰፈሩንም ሰው ለጣሊያን የሚጠቁመው እሱ ነው። ሲመጣ ጨዋታ ይቆማል።

«ዶቶሬው ሌላም የሚፈልገው ነገር አለ» አለ ፍሰሐ፣ ለተሰለፉት ሴቶች። «ሰው የሌላውን ሰው ሕመም ሲያይ ምን እንደሚሰማው ይመረምራል። የሚሰማውንም ልኩን ያውቃል። ማለት... ምን ልበላችሁ... ርኅራኄን ይለካል።»

ዶቶሬው ቃሉን ከዚህ በፊት ሰምቶት ኖሯል፣ ራሱን ነቀነቀ። ፍሰሐ አዳመጠና፣ «ርኅራኄ አይደለም ይላል። ርኅራኄ መልካም ሥራ ነው፤ እኔ የምፈልገው ከሥራው በፊት ያለውን ነው ይላል» አለ።

«እንግዲያ ሐዘኔታ በለው» አለች ከሰልፉ አንዷ።

«እሱም አይደለም ይላል። ሐዘኔታ ከላይ ቆሞ ወደ ታች ማየት ነው ይላል።»

«አንጀት መብላት ነዋ!» አለች ሌላዋ።

ፍሰሐ ይህን እንዳለ ገልብጦ ነገረው መሰለኝ፣ ዶቶሬው ደንግጦ አንድ ነገር ጠየቀ፤ ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ሠርካዲስ አልሳቀችም። ልቧ ሌላ ነገር እያሰበ ነበር። የሰው ሐዘን ማወቅ የሚለካ ከሆነ፣ መለኪያ ያለው ሰው ከመጣ፣ እንግዲህ እውነቱ ይውጣ! ማን እንደምታውቅና ማን እንደምታስመስል ሰው ሁሉ ፊት ይለይ።

ከሰልፉ ወጥታ ፊት ለፊት ቆመች። «እኔ ልንገረው» አለች። «የሌላውን ሐዘን አይቶ፣ የት እንዳለ አውቆ፣ ለባለቤቱ አውጥቶ ማሳየት ነው። ይህን ደግሞ ከእኔ ይጠይቅ። እሷንም ይጠይቃት» ብላ በአገጯ ወደ መይሙና ጠቆመች።

መይሙና ሻሽዋን ወደ ፊቷ ሳበች። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ እትዬ ሠርካዲስ» አለች። «ሲያማቸው ያመኛል።»

«ኤኮ!» አለ ዶቶሬው፣ ፍሰሐ ሲነግረው፤ ይኸው ማለቱ ነው። እጁንም አጨበጨበ።

ልኩን የሚያውቀው እንዲህ ነው። እንጨት ሻጩ ጃርሶ መዳፉ ላይ ክፉ እባጭ ወጥቶበት መጥቷል። እባጩን ረዳቱ ይበጣል። ዶቶሬው ደግሞ አጠገቡ የቆመውን ሰው የእጅ አንጓ በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ሰዓቱን እያየ፣ የልቡን ምት ያዳምጣል። ሰውየው ሲታመም የተመልካቹ ልብ ከዘለለ፣ ተሰምቶታል ማለት ነው። ካልዘለለ፣ አልተሰማውም።

መጀመሪያ ሠርካዲስ እጇን ሰጠች። ረዳቱ ምላጩን አነሣ። ሠርካዲስ እንደ ልማዷ ተረጋጋችና ጃርሶን አየችው። እጁን አላየችም፤ ፊቱን፣ ከዚያ እግሩን አየች። የእግሩ አውራ ጣት መሬቱን እየቆፈረ ነበር። ገባት። ይህ ሰው ምላጩን አልፈራም፤ የፈራው እጁ ይቆረጣል ብሎ ነው፣ ያለዚያ እጅ ደግሞ መጥረቢያ አያነሣም፣ ልጆቹም ጦም ያድራሉ። «አይዞህ ጃርሶ» አለችው ቀስ ብላ፣ «እጅህን አይቆርጡትም። መግሉን ብቻ ነው የሚያወጡልህ። መስከረም ሳይጠባ እንጨትህን ትፈልጣለህ።» የጃርሶ ጣት መሬቱን መቆፈሩን ተወ።

ይህን የለካ ሰው አልነበረም። ዶቶሬው ሰዓቱን ተመለከተ፣ ከንፈሩን ገለበጠ፣ እጇን ለቀቃት።

«ምንም የለም ይላል» አለ ፍሰሐ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ሳይበጣም፣ ሲበጣም፣ ከተበጣም በኋላ ልብሽ ያው ነው። ድንጋይ ነሽ ይላል።»

ድንጋይ የሚለውን ዶቶሬው ይበለው ፍሰሐ ይጨምርበት፣ እግዜር ይወቀው። ሴቶቹ ግን ሳቁ። ሠርካዲስ ሕይወቷን ሙሉ ያስለቀሰቻቸው ሴቶች ሳቁባት።

ቀጥሎ መይሙና እጇን ሰጠች። ረዳቱ ቁስሉን በአዮዲን ሲያጥበው ጃርሶ አንዴ «ውይ!» አለ። የመይሙና ጉልበት ከዳት። ዶቶሬው በአንድ እጁ ደግፎ በሌላው አንጓዋን እንደያዘ ዓይኑ በራ፤ የወርቅ ማዕድን ያገኘ ይመስል ነበር። ለፍሰሐ የሆነ ነገር በጥድፊያ ነገረው።

«የዚህች ሴት ልብ ለሰው ሁሉ ይመታል ይላል» አለ ፍሰሐ። «መዋሸት ብትፈልግ እንኳ ልቧ አይዋሽላትም ይላል።»

ከዚያ ወዲያ የሠርካዲስ ኑሮ ኑሮ አልሆነም። ወንዝ ስትወርድ «ድንጋይቱ መጣች» ይባላል፤ ገበያ ስትወጣ ሹክሹክታ ነው። ለቅሶ ሲሆን አሁንም ይጠሯታል፣ ግን ለወጉ ያህል ነው፤ ሐዘንተኛዋ የምትፈልገው ሌላ ነው። መይሙና ባየቻት ቁጥር ጎንበስ ብላ ሰላም ትላታለች፣ ይህም ከስድብ በላይ ያንገበግባታል። ብትኮራባት ይሻላት ነበር። ሰው ኩሩውን ሰው መጥላት ይችላል፤ ትሑቱን ሲጠላ ግን ራሱን ያስጠላዋል።

ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። አንዳንድ ጊዜ ብቻዋን ስትሆን እጇን ደረቷ ላይ ታደርግና፣ «እውነት ቢሆንስ?» ትላለች። «ባሌ ሲሞትም አላለቀስኩ። ድንጋይ ብሆንስ?»

መስከረም ጠብቶ ጭቃው መድረቅ ሲጀምር፣ አንድ ማለዳ ከተናኘወርቅ ግቢ ጩኸት ተሰማ። ሠርካዲስ ምን እንደሆነ ወዲያው አወቀች። መርዶ ነው። የተናኘወርቅ ባል ሸዋንግዛው ጫካ ከገባ፣ ከአርበኞች ከተቀላቀለ ቆይቷል፤ ጣሊያን እሱን ፍለጋ ቤቷን ስንት ጊዜ በርብሮታል። አሁን በቡልጋ በኩል መሞቱ ተሰምቶ ነው መርዶ ነጋሪዎቹ ጎህ ሲቀድ የመጡት።

ሠርካዲስ ነጠላዋን እያዘቀዘቀች ወጣች። አንድ ነገር ግን እንደ እሾህ ወጋት። መርዶ ሲኖር ለሙሾ አውራጅ ከዋዜማው ይነገራታል፤ ልማዱ ይህ ነው፣ እንድታስብበት። ለእሷ የነገራት የለም። በር ላይ ያገኘቻትን ጎረቤት «መይሙናስ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ውይ፣ እሷማ ከትናንት ጀምሮ እዚሁ ናት» አለቻት ጎረቤቷ።

አየሽ አይደል! መርዶውን ለዚያች ነግረው፣ እሷን እንደ ሩቅ ሰው በጩኸት ይጥሯት! ሠርካዲስ ጥርሷን ነክሳ ገባች። ዛሬ አሳያችኋለሁ አለች በልቧ። ዛሬ ማልቀስ ምን እንደሆነ ባላሳያችሁ እኔ ሠርካዲስ አይደለሁም።

ግቢው ውስጥ ትንሽ ዳስ ተጥሏል። ተናኘወርቅ ፀጉሯን ተላጭታ መሐል ተቀምጣለች፣ መይሙና አጠገቧ ናት። ወንዶቹ በአንድ ጥግ ጋቢያቸውን ተከናንበዋል። ከሁሉ ፊት ደግሞ ሁለት ወንበር ወጥቶ፣ በአንዱ ዶቶሬው፣ በአንዱ ፍሰሐ ተቀምጠውበታል። ዶቶሬው የአገሩን ሰው ለቅሶ ማየት ፈልጎ ነው ተባለ። ፍሰሐ ምን ሊያይ እንደመጣ ማንም አልጠየቀም፤ ዓይኑ ከተናኘወርቅ ላይ አይነሣም።

ሠርካዲስ መሐል ገብታ ጀመረች።

«ሸዋንግዛው ወጥቶ በሩ ሳይዘጋ፣
ጠበቅነው ጠበቅነው ሌሊቱ እስኪነጋ።»

ሕዝቡ ተቀበላት። ጥሩ ጅምር ነበር። ግን ዞር ብላ ስታይ የሟቹ ልብስ አልወጣም። ይሄ ምን ዓይነት ለቅሶ ነው? ሬሳ የሌለው ለቅሶ በልብስ ነው የሚለቀሰው፤ ሙሾ አውራጇ ልብሱን ከፍ አድርጋ ይዛ እየዞረች ነው ሟቹን የምታሳየው። የቤቱ ሰው ረስቶ ከሆነ እሷ አትረሳም። ቀጥ ብላ ወደ ጓዳ አመራች።

ተናኘወርቅ ከተቀመጠችበት ዘላ ተነሣች። «እትዬ ሠርካዲስ፣ ተዪው! ልብሱን ማየት አልችልም፣ ተዪው!»

«ማየት አለብሽ፣ የኔ ልጅ» አለች ሠርካዲስ ሳትቆም። በልቧ ግን፣ ይቺ መይሙና ያስተማረቻት ነው፣ ለቅሶን ዝምታ ሊያደርጉት ነው አለች። ጓዳው በር ጀርባ የሸዋንግዛው ያረጀ ካፖርት ተሰቅሎ አገኘችው። አወረደችና ወጣች። ሁለት እጅጌውን ዘርግታ፣ ከፍ አድርጋ፣ ዳሱ መሐል ዞረችበት።

«ካፖርቱን ጥሎ ትከሻው የት ቀረ፣
ቤቱ እየጠየቀ፣ ጠርቶት እያደረ።»

ለቅሶው ቀለጠ። ወንዶቹም አለቀሱ። ሠርካዲስ አንገትጌውን ወደ ፊቷ አስጠግታ፣ እንደ ወጉ፣ አንድ እጇን ኪሱ ውስጥ ከተተች። ጣቷ እርጥብ ነገር ነካ።

ጤና አዳም ነው። የልደታ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ሸዋንግዛው ጤና አዳም ከኪሱ አይለየውም፤ ሲያወራ ሲያወራ አውጥቶ ያሸታል። ሆኖም ይሄኛው የደረቀ አይደለም። ለምለም ነው፣ ግንዱ ገና ውኃ ይዟል፣ የተቀጠፈው ዛሬ ጠዋት ነው። አንገትጌውም የከረመ ልብስ ሽታ የለውም፤ የትናንት ላብ፣ ከላቡ ጋር የቁስል መድኃኒት ይሸታል።

ሸዋንግዛው አልሞተም። ቆስሎ ተመልሷል፣ እዚሁ ቤት ውስጥ ነው። ለቅሶው የተለቀሰው ጣሊያን ሞቷል ብሎ ፍለጋውን እንዲተው ነው።

ሠርካዲስ ካፖርቱን እንደያዘች መይሙናን አየቻት። የመይሙና ፊት አመድ መስሏል፣ የአንገቷ ሥር ይዘልላል። ታውቃለች። ከትናንት ጀምሮ እዚህ የነበረችው ለዚህ ነው። ያን የመሰለ ምስጢር ለመይሙና ነገሯት፤ ለእሷ አልነገሯትም። ድንጋይ ነቻ! ለድንጋይ ምስጢር ማን ይነግራል?

እንዲህ ያለ ቅናት አይታ አታውቅም። አንዲት ቃል ብቻ በቂ ናት። «እናንተ ሰዎች፣ ይቺ እውነተኛ እንባ ያላችኋት ሴት በሕይወት ላለ ሰው ስታለቅስባችሁ ኖራለች! ሐዘንን የማውቀው እኔ ነኝ፣ ውሸቱን ያወቅሁትም እኔ ነኝ!» ብትል፣ ከዚያ ወዲያ በልደታ ማን ድንጋይ ይላታል? ማንም። ሸዋንግዛው ደግሞ ይሰቀላል፣ ተናኘወርቅም አብራው። ይህንንም ታውቃለች። ታውቃለች፣ ቃሉ ግን ምላሷ ላይ ነበር፣ አፏም ተከፍቶ ነበር። ከአፏ የወጣው ያው ሙሾው ሆነ፤ «ጠርቶት እያደረ» ብላ ደገመችው። እንዴት እንደመለሰችው እሷም አታውቅም።

ፍሰሐ ግን ተናኘወርቅ ለካፖርቱ ስትዘል አይቷታል። ብድግ ብሎ ለዶቶሬው አንሾካሾከለት፤ ዶቶሬው ሰዓቱን አወጣ።

«ለቅሶው ለአፍታ ይቁም» አለ ፍሰሐ። ሕዝቡ ጸጥ አለ። «ዶቶሬው ልብ ይለካል፣ ታውቃላችሁ። ዛሬም ሊለካ ይፈልጋል። መይሙና፣ ነይ እዚህ። አንድ ጥያቄ ነው የምጠይቅሽ። የአንቺ ልብ አይዋሽም።»

መይሙና ለመነሣት ሞከረች። ተናኘወርቅ እጇን ጨብጣ ይዛታለች። ዶቶሬው ያንን አንጓ ከያዘ ነገሩ ያበቃል። ሠርካዲስ ምንም ማድረግ አይጠበቅባትም ነበር። ዝም ማለት ብቻ። ዝም ብትል መይሙና በገዛ ልቧ፣ ሰው ሁሉ በሚያደንቅላት በዚያ ልቧ ትወድቃለች።

«አቶ ፍሰሐ» አለች ሠርካዲስ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይቺን ለክታችሁ ምን ልታውቁ ነው? የሷ ልብ ለድመትም ይዘልላል። ጃርሶ ውይ ቢል የወደቀች ሴት አይደለችም እንዴ? ባሏ የሞተባት ሴት ጎን ተቀምጣ አሁን ብትያዝ ምን ልታገኙ ኖሯል?»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም። ግን ጓዳ ገብቼ የሟቹን ልብስ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ድንጋይ ነሽ ብላችሁኛል፣ በሰው ሁሉ ፊት። እንግዲህ ድንጋዩን ያዙ። ድንጋይ ከተናወጠ ያን ጊዜ ውሸት አለ በሉ።»

ፍሰሐ ሊያባርራት ነበር፤ ዶቶሬው ግን ምን አለች ብሎ ጠየቀው። ሲነግረው ፈገግ አለ። «ጁስቶ» አለ፤ ልክ ናት ማለቱ ነው። የማይዘልል ልብ ከዘለለ ምክንያት አለው። እጁን ዘረጋላት።

ሠርካዲስ ካፖርቱን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ግራ እጇን ሰጠች። ቀኝ እጇ ጤና አዳሙን እንደጨበጠ ነው። ዶቶሬው ሁለት ጣቱን አንጓዋ ላይ አሳረፈ።

«ሸዋንግዛው ሞቷል?» አለ ፍሰሐ።

ሠርካዲስ ፍሰሐን አላየችም። እንደ ልማዷ የሚያመው የት እንደሆነ ፈለገች። ተናኘወርቅ ትንፋሿን ውጣ ይዛዋለች። ከቀሚሷ ጫፍ የወጣው የእግሯ ጣት መሬቱን ይቆፍራል፣ ልክ እንደ ጃርሶ። ሠርካዲስ ያንን ጣት አየች፣ ቃሏንም እዚያ ላይ አሳረፈችው።

«ሞቷል» አለች። «ነፍስ ይማር።»

«ጓዳ ውስጥ ማንን አየሽ?»

«ዱቄትና ጨለማ።»

ፍሰሐ ጠጋ ብሎ አፍንጫውን ነፋ። «ጤና አዳም ይሸተኛል» አለ ቀስ ብሎ። «ጤና አዳም ከኪሱ የማይለየው ሸዋንግዛው ነበር።»

ሠርካዲስ ቀኝ እጇን ከፈተች፤ ለምለሙን ቅጠል አፍንጫው ሥር አደረገችለት።

«እኔ ከጓሮዬ ቀጥፌ ያመጣሁት ነዋ» አለች። «ሟችን በሚወደው ነገር ካላለቀስኩት በምን ላለቅሰው ኖሯል? ስንት ዓመት የማደርገው ነው፤ እናትህ ስትሞት በምን እንዳለቀስኳት ረሳኸው?»

እናቱ ስትሞት ሠርካዲስ የአሮጊቷን የተቀደደ ጫማ ይዛ ነበር ያለቀሰቻት፤ እሱም ያን ዕለት እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው። ፍሰሐ ዓይኑን ወደ ዶቶሬው መለሰ። ዶቶሬው ሰዓቱን ከደነ፣ ትከሻውን ነቀነቀ፣ አንዲት ቃል ተናገረ።

«ያው ነው ይላል» አለ ፍሰሐ። «ድንጋይ።»

ተያይዘው ወጡ። የግቢው በር ተዘጋ። ለቅሶው እንደገና ሲጀመር፣ ከሠርካዲስ ጀርባ አንዲት ሴት ለሌላዋ፣ «አየሻት? ሰው ሞቶ፣ ልብሱን ተሸክማ፣ ልቧ እንኳ ንቅንቅ አላለም! ምን ዓይነት ፍጥረት ናት?» ስትል ሰማቻት። ተናኘወርቅ ደግሞ መይሙና ጭን ላይ ተደፍታ፣ «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር!» እያለች ታለቅሳለች፤ ሴቶቹም ከንፈራቸውን ለመይሙና ይመጥጣሉ። ሠርካዲስ አየቻቸው። ቅናቱ እዚያው ነበር፣ አልሄደም። ሰው አድናም ቀናች።

ካፖርቱን ይዛ ጓዳ ገባች። ቅጠሉን ኪሱ ውስጥ መልሳ ካፖርቱን ዱቄት ጎታው ጀርባ ወሸቀችው። ከጎታው ሥር፣ ከመሬት ውስጥ፣ የታፈነ ትንፋሽ ሰማች።

«ለባሽ ያለውን ልብስ በር ላይ አይሰቅሉም፣ አንተ ደንቆሮ» አለች ወደ መሬቱ ዝቅ ብላ።

ስትወጣ መይሙና የጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። ማንም አያያቸውም። መይሙና ከነጠላዋ ሥር እጇን ዘርግታ የሠርካዲስን አንጓ ያዘችው። ሁለት ጣቷን፣ ልክ እንደ ዶቶሬው፣ ሥሩ ላይ አሳረፈች።

ዶቶሬው ሲይዘው ያልተናወጠው ሥር አሁን ይጋልብ ነበር። ቆዳውን ቀድዶ ሊወጣ የደረሰ ይመስል ይመታ ነበር፤ ሠርካዲስ ራሷ እስከዚያች ደቂቃ አላወቀችም። መይሙና ቀና ብላ አየቻት፣ ዓይኗም እንባ ሞላ።

ከሰው ሁሉ፣ ከልደታ ሕዝብ ሁሉ፣ ይህን የምታውቅላት አንዲት ሰው ኖራ፣ እሷም መይሙና ትሁን!

«እጄን ልቀቂ» አለቻት ሠርካዲስ።

መይሙና አልለቀቀችም።